ላፕቶፑ ነቅቶ ዋይፋዩ ሳይነቃ ሲቀር

ክዳኑን ዘግቼ ምሳ በልቼ ተመለስኩ። ስከፍተው ጽሑፉ ካቆምኩበት መስመር ላይ ነው፤ ባትሪውም ብዙ አልጎደለም፤ የዋይፋዩ ምልክት ይቀመጥበት የነበረው ቦታ ግን ባዶ ነው። ሊኑክስ በላፕቶፕ ላይ የሚጠቀም ሰው ይህን ባዶ ቦታ አንድ ቀን ሳያየው አይቀርም። ብዙዎቻችን የምናደርገው ማሽኑን አጥፍቶ ማስነሳት ነው። ይሠራል፤ ነገር ግን የተከፈተውን ሥራ ሁሉ ይበትናል፣ ነገ ክዳኑ ሲዘጋም ችግሩ እዚያው ይጠብቃል። ያልነቃው ብዙውን ጊዜ አንድ አካል ብቻ ነው። እሱን ለይቶ መቀስቀስ እያለ ቤቱን ሁሉ ማናወጥ አያስፈልግም።

ወደ ሥራው ከመግባቴ በፊት ስለ ትዕዛዞቹ አጻጻፍ ልንገራችሁ። ዋይፋይ የጠፋበት ሰው መመሪያ የሚያነበው ከስልኩ ነው፤ አለዚያም ደውሎ ይጠይቃል። እኔም ይህን ሥራ የለመድኩት ድሬዳዋ ላለው ለአክስቴ ልጅ ትዕዛዞቹን በስልክ እያነበብኩለት ነው። እዚህም የጻፍኳቸው እንደሚነበቡ አድርጌ ነው፤ እርስዎ ተርሚናሉ (ትዕዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት ይጻፏቸው። ትልቅ ፊደል የሚያስፈልግበት ቦታ ሲመጣ እናገራለሁ። ክፍተት ባዩበት ክፍተት ይተዉ፤ ምልክቶቹን፣ ሰረዙንም እዝባሩንም፣ እንዳሉ ይውሰዱ። «ኤንኤምሲኤልአይ» ስል ኤን፣ ኤም፣ ሲ፣ ኤል፣ አይ የሚባሉት አምስት ፊደላት ተጣብቀው ማለቴ ነው። ተርሚናሉ ኮንትሮል፣ ኦልትና ቲ የሚባሉትን ቁልፎች አብሮ በመጫን በኡቡንቱና በሚንት ይከፈታል።

መጀመሪያ ጥፋተኛውን እንለይ

ስልክዎ በዚያው ዋይፋይ ይሠራል? ይህን ጥያቄ የሚዘለው ሰው ብዙ ነው። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል፣ ራውተሩ ግን አብሮ ይጠፋል፤ መብራቱ ተመልሶም ራውተሩ እስኪነሳ ድረስ ደቂቃዎች ይወስዳል። በእነዚያ ደቂቃዎች ውስጥ ክዳኑን የከፈተ ሰው ያለ ጥፋቱ ላፕቶፑን ሲፈታና ሲያስር ይውላል። ስልኩም ካልሠራ መመሪያውን ዘግተው ቡና ያፍሉ።

ስልኩ ሠርቶ ላፕቶፑ ካልሠራ ይህን ይጻፉ፦

ኤንኤምሲኤልአይ ዲቫይስ

ይህ ትዕዛዝ ምንም አይነካም፤ ያሉትን የኔትወርክ መሣሪያዎች ከነሁኔታቸው ይዘረዝራል። የዋይፋዩ መስመር በደብልዩኤል ፊደላት በሚጀምር ስም ይታወቃል። ከስሙ ፊት ለፊት «ስቴት» በሚለው ዓምድ ሥር ያለው ቃል መንገዱን ያሳያችኋል። «ኮኔክትድ» ካለ የዋይፋይ ካርዱ ተገናኝቷል፣ ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። «ዲስኮኔክትድ» ካለ ካርዱ ጤነኛ ነው፣ የሚያገናኘው ፕሮግራም ግን ደንዝዟል። «አንአቬይለብል» ካለ አብዛኛውን ጊዜ ሬዲዮው ተቆልፏል። መስመሩ ጭራሽ ከሌለ ደግሞ ድራይቨሩ (ካርዱን የሚያዝዘው ፕሮግራም) ወይም ካርዱ ራሱ አልነቃም፤ በእንቅልፍ ምክንያት ከሚመጡት ችግሮች አስቸጋሪው ይኸኛው ነው፣ ረጅሙ ክፍልም ስለ እሱ ነው።

እነዚህ አራት ሁኔታዎች የሚለያዩበት ምክንያት አለ። ላፕቶፑ ሲተኛ ሜሞሪው (ራም) ብቻ በትንሽ ኤሌክትሪክ ይቆያል፤ ሌላው ሁሉ ኃይሉ ይቀንስለታል ወይም ይቋረጥበታል። ሲነቃ ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት የሆነው ፕሮግራም) ለካርዱ ኃይል ይመልሳል፣ ድራይቨሩ ካርዱን ያናግራል፣ ካርዱ ውስጥ የሚሠራው ትንሽ ፕሮግራም፣ ፈርምዌር የሚባለው፣ ካስፈለገ እንደገና ይጫናል፤ ከዚያ የሚያገናኘው ፕሮግራም፣ ኔትወርክ ማናጀር፣ ራውተሩን ይፈልጋል፣ በመጨረሻም ከራውተሩ አድራሻ ይቀበላል። ሰንሰለቱ የተበጠሰበትን ቦታ የሚነግረን ያ ቃል ነው።

«ኮኔክትድ» ብሎ ገጽ የማይከፍት ከሆነ

ይህኛው ቶሎ ያልቃል።

ፒንግ -ሲ 3 1.1.1.1

መልስ ከመጣ ኢንተርኔቱ አለ፤ የጠፋው የድረ ገጽ ስሞችን ወደ ቁጥር አድራሻ የሚተረጉመው አገልግሎት ነው። በኡቡንቱ እንዲህ ይቀሰቀሳል፤ «ሱዶ» ኤስ፣ ዩ፣ ዲ፣ ኦ ሲሆን ትዕዛዙን በአስተዳዳሪ ሥልጣን ያስኬዳል፦

ሱዶ ሲስተምሲቲኤል ሪስታርት ሲስተምዲ-ሪዞልቭድ

የመጨረሻው ቃል «ሪዞልቭ» በኢ እና በዲ ያልቃል፤ «ሲስተምዲ» ደግሞ ሲስተም የሚለው ቃልና ዲ ተጣብቀው ነው። መልስ ካልመጣ ግንኙነቱን ከምናሌው አጥፍተው ያብሩት፤ አዲስ አድራሻ ይቀበላል። ከመተኛቱ በፊት ቪፒኤን በርቶ ከነበረም መጀመሪያ እሱን ያጥፉ፤ የሞተ ቪፒኤን መንገዱን ሁሉ ይዞ ሊቀር ይችላል። በሆቴልና በካፌ ያሉ ደግሞ የመግቢያ ገጹ እንደገና ስምና ኮድ እየጠየቀ እንዳይሆን አሳሹን ይመልከቱ።

«ዲስኮኔክትድ» ካለ

ኤንኤምሲኤልአይ ራዲዮ ዋይፋይ ኦፍ

አምስት ሰከንድ ያህል ይጠብቁና፦

ኤንኤምሲኤልአይ ራዲዮ ዋይፋይ ኦን

ይህ ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ካልበቃ ኔትወርክ ማናጀርን ራሱን እንደገና ማስነሳት ነው፤ የተከፈተ ሥራዎን አይነካም፦

ሱዶ ሲስተምሲቲኤል ሪስታርት ኔትወርክማናጀር

እዚህ ጋ ትልቅ ፊደል አለ፤ የኔትወርክ ኤን እና የማናጀር ኤም ትልልቅ ናቸው፣ ሁለቱ ቃላት በመካከላቸው ክፍተት የላቸውም። የአክስቴ ልጅ ሦስት ጊዜ በትንሽ ፊደል ጽፎ «እንዲህ የሚባል አገልግሎት የለም ይላል፣ ጋሼ» ያለኝ እዚህ ላይ ነው። የይለፍ ቃል ሲጠይቅ የሚጽፉት ፊደል በስክሪኑ ላይ አይታይም፤ ተበላሸ ብለው አይደንግጡ፣ ጽፈው ኢንተር ይጫኑ።

ኔትወርኮቹ እየታዩ የእርስዎ ብቻ አልገናኝ ካለ፣ ኔትወርክ ማናጀር ደጋግሞ ሞክሮ ስላልተሳካለት ለጥቂት ደቂቃ ተስፋ ቆርጦ ይሆናል። ከምናሌው ስሙን በእጅ መምረጥ ወዲያው ይመልሰዋል።

«አንአቬይለብል» ካለ

አርኤፍኪል ሊስት

ለእያንዳንዱ ሬዲዮ ሁለት መስመር ያሳያል፦ «ሶፍት ብሎክድ» እና «ሃርድ ብሎክድ»። የመጀመሪያው በፕሮግራም የተቆለፈ ማለት ነው፤ «የስ» ካለ በዚህ ይከፈታል፦

ሱዶ አርኤፍኪል አንብሎክ ዋይፋይ

ሁለተኛው በማሽኑ ቁልፍ የተቆለፈ ነው፤ የትኛውም ትዕዛዝ አይከፍተውም። በኪቦርዱ የላይኛው ረድፍ የአውሮፕላን ወይም የአንቴና ሥዕል ያለበትን ቁልፍ ይፈልጉ፤ በቆዩ ላፕቶፖች ጎን ላይ የሚንሸራተት ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ አለ፣ ከቦርሳ ሲወጣ በጣት ይነካል። በአንዳንድ የሌኖቮ አይዲያፓድ ላፕቶፖች ላይ ግን ማብሪያው በሌለበት ከርነሉ «ሃርድ ብሎክድ» ብሎ የሚያምንበት ጊዜ አለ። ይህ የሚመጣው አይዲያፓድ_ላፕቶፕ ከሚባለው ሞጁል (ከርነሉ ላይ የሚጫንና የሚወጣ ትንሽ ፕሮግራም) ነውና፣ አውጥቶ መሞከር ይቻላል፦

ሱዶ ሞድፕሮብ -አር አይዲያፓድ_ላፕቶፕ

በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው የታችኛው ሰረዝ ነው። ሞጁሉ ሲወጣ የኪቦርዱ አንዳንድ ልዩ ቁልፎች አብረው ሥራ ሊያቆሙ ይችላሉ፤ እንደገና ሲነሳ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል።

መስመሩ ጭራሽ ከሌለ

እዚህ ጋ ወንበርዎን ሳብ አድርገው ይቀመጡ። አስቀድሞ አንድ ነገር፦ ይህን ክፍል ሲሠሩ ኢንተርኔት ያስፈልግዎት ይሆናል። ስልክዎን በዩኤስቢ ገመድ ከላፕቶፑ ጋር ያገናኙና ከስልኩ ቅንብሮች በዩኤስቢ ዳታ ማጋራትን ያብሩ። ላፕቶፑ እንደ ባለ ገመድ ኔትወርክ ይቀበለዋል፤ የዋይፋይ ካርዱ ሞቶም ቢሆን ይሠራል።

አሁን ካርዱን እንጥራው፦

ኤልኤስፒሲአይ -ኬ

ረጅም ዝርዝር ይወጣል። «ኔትወርክ ኮንትሮለር» የሚለውን መስመር ይፈልጉ። ከሥሩ ሁለት ጠቃሚ መስመሮች አሉ፦ አንደኛው በሥራ ላይ ያለውን ድራይቨር፣ ሁለተኛው «ከርነል ሞጁልስ» ብሎ የሞጁሉን ስም ይናገራል። እኛ የምንፈልገው ሁለተኛውን ነው። ይህን አጥብቄ የምናገረው ሁለቱ ስሞች አንዳንዴ ስለሚለያዩ ነው፤ በአንዳንድ የሪያልቴክ ካርዶች ላይ ድራይቨሩ አርቲደብልዩ_8822ሲኢ ሲባል ሞጁሉ ግን አርቲደብልዩ88_8822ሲኢ ነው። በመጀመሪያው ስም ያዘዘ ሰው «አልተገኘም» የሚል መልስ ይቀበላል፣ ከዚያ መመሪያውን ይረግማል።

በላፕቶፖች ላይ የሚበዙት ሞጁሎች እነዚህ ናቸው። የኢንቴል ካርድ አይደብልዩኤልዋይፋይ ነው፤ አይ፣ ደብልዩ፣ ኤል፣ ከዚያ ዋይፋይ። የሪያልቴኮቹ በአርቲደብልዩ88 ወይም በአርቲደብልዩ89 ይጀምራሉ። የሚዲያቴክ ካርድ ብዙ ጊዜ ኤምቲ7921ኢ ነው። የኳልኮም ካርዶች በዕድሜያቸው ኤቲኤች9ኬ፣ ኤቲኤች10ኬ_ፒሲአይ ወይም ኤቲኤች11ኬ_ፒሲአይ ይባላሉ። ብሮድኮም ከራሱ ዝግ ድራይቨር ጋር ሲሆን ስሙ ሁለት ፊደል ብቻ ነው፤ ደብልዩኤል።

ካርዱ በዝርዝሩ ውስጥ ካለ ድራይቨሩን አውጥተን እንመልሰዋለን። ለኤምቲ7921ኢ እንዲህ ነው፤ የእርስዎ ሌላ ከሆነ ስሙን ብቻ ይለውጡ፦

ሱዶ ሞድፕሮብ -አር ኤምቲ7921ኢ
ሱዶ ሞድፕሮብ ኤምቲ7921ኢ

የኢንቴል ካርድ ያላቸው አንድ ቃል ይጨምራሉ። ዋናውን ሞጁል ሌላ ሞጁል ስለሚጠቀምበት ብቻውን አልወጣም ይላል፤ ስለዚህ ተጠቃሚውን ቀድሞ ማውጣት ነው፦

ሱዶ ሞድፕሮብ -አር አይደብልዩኤልኤምቪኤም አይደብልዩኤልዋይፋይ
ሱዶ ሞድፕሮብ አይደብልዩኤልዋይፋይ

በመመለሻው ትዕዛዝ ላይ አንዱ ብቻ ይበቃል፤ ሌላውን ራሱ ይጠራዋል። ዋይፋይ 7 የሚደግፉት አዲሶቹ የኢንቴል ካርዶች በአዳዲስ ከርነሎች ላይ በኤምቪኤም ፋንታ ኤምኤልዲ የሚል መጨረሻ ያለው ሞጁል ይጠቀማሉ።

አሥር ሰከንድ ያህል ይጠብቁ። ምልክቱ ከተመለሰ በሽታው ታውቋል፦ ድራይቨሩ ከእንቅልፍ መነሳት አይችልበትም። ወደ ዘላቂው መፍትሔ ይሂዱ።

ካልተመለሰ ከርነሉ ምን እንዳለ እንስማ፦

ሱዶ ዲሜሴጅ | ቴይል -ኤን 60

«ዲሜሴጅ» ያልኩት ትዕዛዝ ፊደሉ ዲ፣ ኤም፣ ኢ፣ ኤስ፣ ጂ ነው፤ ቀጥ ያለው መስመር በብዙ ኪቦርዶች ላይ ከኢንተር በላይ ካለው ቁልፍ በሺፍት ይገኛል። በመልሱ ውስጥ ሦስት ነገር እፈልጋለሁ። ፈርምዌር አልተገኘም የሚል ካለ የፈርምዌር ጥቅሉ ይጎድላል ወይም አርጅቷል። -110 የሚል ቁጥር ካለ ድራይቨሩ ጠይቆ ካርዱ በጊዜው አልመለሰም ማለት ነው። ዲ3ኮልድ የሚል ቃል ካለ ግን ካርዱ ኃይል አላገኘም፤ ድራይቨሩን መቶ ጊዜ ቢያወጡትና ቢመልሱት ለሞተ ስልክ እንደመደወል ነው።

ለዲ3ኮልድ፣ እንዲሁም ካርዱ ከዝርዝሩ ሙሉ በሙሉ ለጠፋበት ሰው፣ ይህችን ሞክሩ፦

ኤኮ 1 | ሱዶ ቲ /ኤስዋይኤስ/በስ/ፒሲአይ/ሪስካን

«ኤኮ» ኢ፣ ሲ፣ ኤች፣ ኦ ነው፤ «ቲ» ደግሞ ቲ፣ ኢ፣ ኢ፣ «በስ» ቢ፣ ዩ፣ ኤስ። ከርነሉ ካርዶቹን እንደ አዲስ እንዲቆጥር ያዝዘዋል። አልሆነም? ላፕቶፑን ሙሉ በሙሉ ያጥፉ፣ ቻርጀሩን ይንቀሉ፣ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ ያውጡ፣ የማብሪያውን ቁልፍ ግማሽ ደቂቃ ያህል ተጭነው ይቆዩ፤ በውስጥ የቀረው ኤሌክትሪክ ያልቃል። ከዚያ ያስነሱ። የሽማግሌ ምክር ይመስላል፣ ግን በትዕዛዝ ያልነቁ ካርዶችን ሲያስነሳ አይቻለሁ። በዚያው ማሽን ዊንዶውስም ካለ ደግሞ በዊንዶውስ ውስጥ ፈጣን ማስነሻ የሚባለውን ቅንብር ያጥፉ፤ እሱ ሲበራ ዊንዶውስ በእውነት አይጠፋም፣ ካርዱንም ሊኑክስ በማያውቀው ሁኔታ ላይ ትቶት ሊሄድ ይችላል።

እንዳይመለስ ማድረግ

ድራይቨሩን በእጅ አውጥቶ መመለስ ሠርቶልዎት ከሆነ በየምሳ ሰዓቱ ሁለት መስመር መጻፍ አይጠበቅብዎትም። ከመተኛቱ በፊት ድራይቨሩን ራሱ አውጥቶ፣ ሲነቃ ራሱ የሚመልስ ትንሽ ፋይል እንጽፋለን። ሲስተምዲ (የሊኑክስን አገልግሎቶች የሚያስተዳድረው ፕሮግራም) ከእንቅልፍ በፊትና በኋላ የሚያነባት አንዲት ፎልደር አለች፤ በውስጧ ያገኘውን ፕሮግራም ሁሉ ያስኬዳል፣ ሲያስኬደውም ከመተኛት በፊት ከሆነ «ፕሪ»፣ ከነቃ በኋላ ከሆነ «ፖስት» የሚል ቃል ያቀብለዋል።

ሱዶ ናኖ /ዩኤስአር/ሊብ/ሲስተምዲ/ሲስተም-ስሊፕ/ዋይፋይ

ባዶ ገጽ ይከፈታል። እነዚህን አራት መስመሮች ይጻፉ፣ የሞጁሉን ስም በራስዎ ይተኩ፦

#!/ቢን/ኤስኤች
[ "$1" = ፕሪ ] && ሞድፕሮብ -አር ኤምቲ7921ኢ
[ "$1" = ፖስት ] && ሞድፕሮብ ኤምቲ7921ኢ
ኤግዚት 0

የካሬ ቅንፎቹ ከውስጥ በኩል ክፍተት ይፈልጋሉ፤ ከመክፈቻው በኋላ አንድ፣ ከመዝጊያው በፊት አንድ፣ በእኩል ምልክቱም ግራና ቀኝ። የአክስቴ ልጅ ሁሉንም በትክክል ጽፎ አንዲት ክፍተት ብቻ ዘሎ ሁለት ቀን ከእኔ ጋር ተከራክሯል። በመጨረሻ ፋይሉን በፎቶ ሲልክልኝ ቅንፉና ጥቅሱ ተጣብቀዋል። «ክፍተት ይኑር አላሉኝም እኮ፣ ጋሼ» አለኝ። እውነቱን ነው፣ አላልኩትም ነበር።

በኮንትሮልና በኦ ያስቀምጡ፣ ኢንተር፣ ከዚያ በኮንትሮልና በኤክስ ይውጡ። ፋይሉ መሄድ እንዲችል ፈቃድ ይስጡት፤ ያለዚህ ሲስተምዲ ዝም ብሎ ያልፈዋል፦

ሱዶ ሲኤችሞድ +ኤክስ /ዩኤስአር/ሊብ/ሲስተምዲ/ሲስተም-ስሊፕ/ዋይፋይ

የኢንቴል ካርድ ያለው ሰው በሁለተኛው መስመር ላይ ሁለቱንም የሞጁል ስሞች ይጻፍ።

ለሙከራ ክዳኑን እየዘጉ መክፈት ያሰለቻል። ላፕቶፑ ራሱ ተኝቶ ራሱ እንዲነቃ ማድረግ ይቻላል፦

ሱዶ አርቲሲዌክ -ኤም ኖ -ኤስ 60
ሲስተምሲቲኤል ሰስፔንድ

የመጀመሪያው ከ60 ሰከንድ በኋላ የሚጮህ ማንቂያ ይሞላል፤ ሁለተኛው ያስተኛዋል። አርቲሲዌክን ብቻውን እንዲያስተኛም ማዘዝ ይቻላል፣ ብዙ ሰውም እንዲያ ያደርጋል፤ ነገር ግን በዚያ መንገድ ሲተኛ ሲስተምዲን አልፎ ስለሚሄድ የጻፍነው ፋይል አይነበብም፣ እኛም ፋይሉ አልሠራም ብለን በከንቱ እንሰርዘዋለን። ሁለት መስመር የማደርገው ለዚህ ነው። አምስት ስድስት ጊዜ ይደጋግሙት፤ አንድ ጊዜ መሥራት ምስክር አይሆንም።

የእንቅልፉ ዓይነት

ሞጁሉን ማውጣትና መመለስ ያልፈወሰው ላፕቶፕ ካለ ቀጥሎ የምጠይቀው እንዴት እንደሚተኛ ነው፦

ካት /ኤስዋይኤስ/ፓወር/ሜም_ስሊፕ

ሁለት ቃል ሊያሳይ ይችላል፦ ኤስ2አይድል እና ዲፕ። በካሬ ቅንፍ ውስጥ ያለው አሁን በሥራ ላይ ያለው ነው። ዲፕ የድሮው፣ ከባዱ እንቅልፍ ነው፤ ብዙው ክፍል ኃይሉ ይቋረጣል። ኤስ2አይድል ቀለል ያለ እንቅልፍ ነው፤ ማሽኑ እንደነቃ ሆኖ ክፍሎቹ አንድ በአንድ ወደ ዝቅተኛ ኃይል ይወርዳሉ፣ አዳዲስ ላፕቶፖች ለዊንዶውስ ተብሎ የተሠሩት በዚህ ነው። አንዳንድ ካርድ በአንዱ ይነቃል፣ በሌላው አይነቃም። ሁለቱም ካሉ ያልተመረጠውን መሞከር ነው፦

ኤኮ ዲፕ | ሱዶ ቲ /ኤስዋይኤስ/ፓወር/ሜም_ስሊፕ

ይህ ማሽኑ እንደገና እስኪነሳ ድረስ ብቻ ይቆያል፤ ጥሩነቱም እዚያ ላይ ነው። አንዳንድ ላፕቶፕ በዲፕ ከተኛ ጭራሽ ስክሪኑን አያበራም፤ ያኔ የማብሪያውን ቁልፍ ተጭነው ያጥፉና ያስነሱ፣ ነገሩ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ስለዚህ ከመሞከርዎ በፊት ሥራዎን ያስቀምጡ። ከሠራልዎ ለዘለቄታው በ/ኢቲሲ/ዲፎልት/ግሩብ ፋይል ውስጥ፣ ሲኤምዲላይን_ሊኑክስ_ዲፎልት በሚያልቀው መስመር፣ በጥቅሶቹ መካከል ካለው ጽሑፍ ቀጥለው ክፍተት ይተዉና ሜም_ስሊፕ_ዲፎልት=ዲፕ ይጨምሩ፤ ከዚያ በኡቡንቱ፣ በዴቢያንና በሚንት፦

ሱዶ አፕዴት-ግሩብ

ዲፕ የሚለው ቃል ጭራሽ ከሌለ ማሽኑ አያቀርበውም። በአንዳንድ ቲንክፓዶች ባዮስ (ማሽኑ ሲነሳ ከሊኑክስ ቀድሞ የሚሠራው ፕሮግራም) ውስጥ ግን የእንቅልፍ ሁኔታ የሚል ምርጫ አለ፤ ወደ ሊኑክስ ሲለወጥ ዲፕ ብቅ ይላል።

ነቅቶ የሚያነክስ ዋይፋይ

ሌላ ዓይነትም አለ፦ ይገናኛል፣ ግን ከእንቅልፍ በኋላ ይቆራረጣል፣ ይዘገያል። እዚህ ላይ የምጠረጥረው ኃይል ቆጣቢውን ነው። በኡቡንቱ /ኢቲሲ/ኔትወርክማናጀር/ኮንፍ.ዲ በምትባለው ፎልደር ውስጥ፣ ትልልቆቹን ኤን እና ኤም ሳይረሱ፣ ስሙ በዲፎልት-ዋይፋይ-ፓወርሴቭ የሚጀምር ፋይል አለ። በውስጡ ያለውን 3 ወደ 2 ይለውጡ፤ 3 ቆጣቢውን ያበራል፣ 2 ያጠፋል። ኔትወርክ ማናጀርን እንደገና ያስነሱ። ባትሪው ትንሽ ቶሎ ያልቃል፤ ዋጋው እሱ ነው።

ፈርምዌርና ከርነል

ድራይቨር ፍለጋ ወደ የማይታወቅ ቦታ ከመሄድዎ በፊት ማሽኑን ያድሱ፦

ሱዶ አፕት አፕዴት
ሱዶ አፕት ፉል-አፕግሬድ

ከእንቅልፍ የመንቃት ጉድለት የሚታረመው አብዛኛውን ጊዜ በከርነሉና በፈርምዌሩ ውስጥ ነው፤ አዲሱ ጥቅል ብቻውን ሊፈውሰው ይችላል። የዴቢያን ተጠቃሚዎች ልብ ይበሉ፦ ከዴቢያን 12 ጀምሮ የካርዶች ፈርምዌር የሚቀመጠው ነፃ ያልሆነ ፈርምዌር በሚባል የተለየ ክፍል ውስጥ ነው፤ ከድሮው ስሪት ያሻገሩ ሰዎች ያን ክፍል ካልጨመሩት ፈርምዌራቸው ሳይታደስ ይቀራል።

ተቃራኒውም ይሆናል። ትናንት ሲነቃ የነበረ ከዝመና በኋላ ካልነቃ ማሽኑ ሲነሳ ሺፍትን ወይም ኢስኬፕን ተጭነው ከሚመጣው ምናሌ ላይ የላቁ ምርጫዎችን ይክፈቱና የቀድሞውን ከርነል ይምረጡ። በእሱ ከሠራ የእርስዎ ጥፋት አይደለም፤ የሚቀጥለው ዝመና እስኪመጣ በቀድሞው ይቆዩ።

ሁሉም ካልሆነ

ካርዱን መለወጥ ነው፤ እንደ ሽንፈት አላየውም። በብዙ ላፕቶፖች ውስጥ የዋይፋይ ካርዱ ከፖስታ ቴምብር ብዙም የማይበልጥ፣ በአንዲት ብሎን የሚያዝ ቁራጭ ነው። ከመግዛትዎ በፊት የራስዎ ካርድ የተበየደ እንዳልሆነ የላፕቶፑን የታችኛውን ሽፋን ፈትተው ይዩ። ኢንቴል ሲገዙ ኤኤክስ200 ወይም ኤኤክስ210 ይጠይቁ፤ ኤኤክስ201 እና ኤኤክስ211 በመልክ ይመሳሰላሉ፣ ነገር ግን ከተወሰኑ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ጋር ብቻ ነው የሚሠሩት። አንዳንድ የቆዩ ላፕቶፖች ደግሞ ባዮሳቸው የማያውቀውን ካርድ አይቀበልም፤ ሻጩ የማይሠራ ከሆነ መልሶ እንደሚቀበል አስቀድመው ይስማሙ። ሲፈቱ ባትሪውን ከቦርዱ ይንቀሉ፣ የሁለቱን ቀጫጭን የአንቴና ገመዶች አቀማመጥ በስልክዎ ፎቶ ያንሱ፤ ራሳቸው ጠብ ብለው ሲገቡ ቀጭ ይላሉ፣ ካላሉ አይጫኗቸው፣ አስተካክለው እንደገና ያስቀምጡ።